በኩካ ስም

«ተከራዬ ናት» አለች ኩካ።

ሎርና ይህን የሰማችው በወጥ ቤቷ መስኮት በኩል ነው። ውኃ ጥዳ እስኪፈላ እየጠበቀች ነበር። ከታች፣ ከግቢው በር ላይ፣ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው ባለሦስት እግር የመቀየሻ መሣሪያ ተክሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፤ ሁለተኛው የአጥሩ ድንጋይ ላይ በብርቱካንማ ቀለም ቁጥር ይጽፋል። ያስፈቀደ የለ፣ የከለከለ የለ። ኩካ እጇን በሽርጧ ላይ አጣጥፋ ከመሃላቸው ቆማለች። ባለመሣሪያው ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ አየና «ፈረንጇስ ምንዎት ናት?» ብሎ ጠየቃት። ኩካ ሳትደናቀፍ፣ ምራቋን እንኳ ሳትውጥ መለሰችለት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ሎርና ግን በዚያች ሰዓት ከመናቅም አልፋ ባለቤትነቷን የሚያውቅላት ሰው አጣች። የቀረውን ንግግር አልሰማችም። ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ማንቆርቆሪያውን ያወረደችው ውኃው ፈልቶ ፈልቶ ከተጋመሰ በኋላ ነው።

ቤቱን ያሠሩት እሷና ባሏ ዋልተር ናቸው፤ ዘንድሮ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ። ድንጋዩን ወደ ኮረብታው ያወጣው አህያ ነው። ሰባ አንዱን ደረጃ ዋልተር በገዛ እጁ ለስኗቸዋል፤ አሥራ ሦስተኛው ላይ የመዳፉ አሻራ ዛሬም አለ። እሱ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ቤቱ ግን አንድም ቀን በስማቸው ሆኖ አያውቅም። የአገሩ ሕግ ባሕሩ አጠገብ ያለን መሬት የውጭ ሰው በስሙ እንዲይዝ አይፈቅድም። በባንክ በኩል የሚኬድበት መንገድ ነበር፤ ዋልተር ግን «ለባንክ ከምከፍል ጣሪያዬን ሸክላ ባለብስ ይሻለኛል» አለ። ስለዚህ ያን ጊዜ በዚያች የባሕር ዳር ከተማ፣ በሳን ቴልሞ፣ ያለ ፈረንጅ ሁሉ እንደሚያደርገው የአገር ሰው ስም ተዋሱ፤ የኩካን። ኩካ ልብሳቸውን ታጥብ ነበር። አንድ ቀን በዋልተር ሱሪ ኪስ ያገኘችውን የወርቅ ሰዓት በመሐረብ ጠቅልላ መልሳለታለች። ካርታው «ማሪያ ዴል ሬፉሂዮ» ተብሎ በሙሉ ስሟ ወጣ። ዋልተር ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ማንም ቢጠይቅሽ ተከራዮቼ ናቸው በይ» እያለ እንደ ተማሪ አስጠናት፤ ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ። ስሟን መጻፍ ያስተማራትም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ለውሉ ፊርማ ያስፈልግ ነበርና። ከዚያ ወዲህ በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ዛሬ ጠያቂው መጣ፤ መልሱም ከአፏ ሲወጣ ልክ እንደ እውነት ነበር። ሎርናን ያስፈራት ይሄ ነው።

ዕለቱ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ኩካ ትመጣለች፤ ልብስ ማጠቡ ከቀረ ቆይቷል፣ የምትመጣው ለወጉ ነው። ደረጃውን ወጥታ ስትጨርስ በጨርቅ የጠቀለለችውን ትኩስ የበቆሎ ቂጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወንበሯን ወደ ነፋሱ አዙራ ተቀመጠች።

«ጉልበትዎ እንዴት አደረ፣ አበልጄ?»

«ደህና ነው። የእርስዎስ?»

«የኔማ ከደረጃው ጋር ተኳርፏል። ሳላስታርቃቸው እመለሳለሁ።»

ሎርና ሳቀች። ስለ ሽሪምፕ መወደድ አወሩ። ከኩካ ሰፈር ውኃ ከሄደ አራት ቀኑ ነው፤ ስለሱም አወሩ። አዲሱ ትልቅ መደብር ስለሚሸጠው ዳቦ ኩካ «ሲጨብጡት ያለቅሳል» አለች። የማብሰያ ጋዝ የሚሸጠው መኪና ዘፈኑን ለቅቆ ከታች በኩል እያለፈ ነበር፤ ሁለቱም ድምፁ እስኪርቅ የሚያዳምጡት ነገር ስላገኙ ደስ አላቸው። ሎርና ኩካ ስለ ሰዎቹ እንድታነሳ ጠበቀች። ኩካ አላነሳችም። በመጨረሻ ሎርና ዓይኗን ከቂጣው ሳትነቅል «ሰዎች መጥተው ነበር መሰለኝ» አለች።

«የመንገድ ሰዎች ናቸው። ይለካሉ» አለች ኩካ። «ዘንድሮ የማይለካ ነገር የለ።» ተነሥታም መጥረጊያውን አነሣች፤ የሚጠረግ ነገር አልነበረም።

አበልጅ አበልጁን መስቀለኛ ጥያቄ አይጠይቅም። በሳን ቴልሞ ይህ ሕግ ነው፤ ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አይስተውም። ሁለቱ አበልጅ የሆኑት ካርታው በወጣ በወሩ ነው፤ ሎርና የኩካን ልጅ የኤቫሪስቶን ክርስትና አነሣች። የዚያን ዕለት የሠራችው ስሕተት ሰፈሩ ዛሬም ይሥቅበታል። ክርስትና ያነሣ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ሆኖ ለሰፈሩ ልጆች ሳንቲም ይበትናል፤ ልጆቹ አቧራው ላይ ይሻሙታል፤ ደስታው እሱ ነው። ሎርና ግን ልጆቹን በቁመታቸው አሰልፋ ለእያንዳንዳቸው በእጃቸው እኩል እኩል አደለቻቸው። ልጆቹ ሳንቲማቸውን ይዘው እንደ ቅጣት ተገትረው ቀሩ። ከዚያን ቀን በፊት ኩካ «ሴኞራ» ነበር የምትላት፣ እንደ አጣቢ ለእመቤቷ። ከዚያን ቀን ወዲህ ይህ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ ለዘለዓለም «አበልጄ» ሆነች። ሎርና ለማንም ያልተናገረችው አንድ ነገር አለ። የክርስትናው ሐሳብ የመጣው ከውል አዋዋዩ ጸሐፊ ነው። «አበልጅ ይሁኑ» ነበር ያላቸው በሹክሹክታ፣ ካርታውን በፖስታ እየከተተ። «እዚህ አገር ሰው ወንድሙን ይከዳል፣ አበልጁን ግን አይከዳም።» ኩካ ይህን ትወቅ አትወቅ፣ ሎርና እስከ ዛሬ አታውቅም።

ኩካ ከሄደች በኋላ ሎርና ቤቱ አላስቀምጥ አላት። ኮፍያዋን ደፍታ፣ ከዘራዋን ይዛ ወረደች። ከደረጃው ግርጌ ጀምሮ ያለው መንገድ ድሮ ድንጋይ ነበር፤ አሁን ሲሚንቶ ሆኗል፣ ጣሪያ ብቻ ያላቸው ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከነተሳፋሪ ፈረንጆቻቸው ጥሩምባ እየነፉ ይመላለሱበታል። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን የሚስቡበት ዳርቻ ታጥሯል። ከአጥሩ ውስጥ ሁለት ክሬኖች የቱጃሮችን ጀልባ ማረፊያ ይሠራሉ፤ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ የወደፊቱ ሳን ቴልሞ በትልቅ ሥዕል ተሥሎ ተሰቅሏል፤ በሥዕሉ ላይ ሎርና ኮረብታውን አገኘችው፣ ቤቷን ግን አላገኘችውም። ቤቷ መኖር በነበረበት ቦታ ላይ ሰማያዊ የመዋኛ ገንዳ አለ። ከገንዳው ዳር አንዲት ቀጭን ሴት ተጋድማለች። ሎርና መነጽሯን አውልቃ አበሰችና ደግማ አየች፤ ያው ነው።

ነባሮቹ ፈረንጆች ረፋድ ላይ የሚሰበሰቡት ቶኞ የሚባል ሰው ምግብ ቤት ነው። የላስቲክ ወንበሮቹ ቀርተው የእንጨት ሆነዋል፤ ድሮ በሠላሳ ፔሶ ይበላ የነበረው ጥብስ ዓሣ ሁለት መቶ ሰማንያ ገብቷል፣ ያውም ያለ ሎሚ። ነባሮቹ አንዳንድ ቡና ይዘው እስከ ቀትር ይቀመጣሉ፤ አዲስ የሚመጡትን ፈረንጆች ያማሉ። አገሩን አስወደዱት፣ ቋንቋውን አይማሩም፣ እንደ ቤታቸው ይሆናሉ እያሉ። መጤ መጤን ሲያማ መስማት ያስቃል፤ ቶኞም ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ይሥቃል። የዚያን ዕለት ግን ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሄንድሪክ ብቻ ነው። ሄንድሪክ ሆላንዳዊ ነው፤ ጀልባ ሲጠግን ኖሮ ያረጀ፣ እጁ ከእንጨት የማይለይ ሰው። ሎርና ጠዋት የሆነውን ነገረችው። እስክትጨርስ አልጠበቃትም።

«ዛሬውኑ አስፈርሚያት» አላት።

«ኩካ እንዲህ አታደርግም።»

«ኒካንድሮም አላደረገም። ሞተ እንጂ።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሄንድሪክን ጉድ ለሚያውቅ ተረቱ ሌላ መልክ አለው። ለሄንድሪክ ስሙን ያዋሰው ኒካንድሮ የሚባል አንድ ደግ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ሲሞት ስሙ ከመቃብር በላይ ዋለ፣ ቤቱም ከስሙ ጋር። አሥራ አንድ ልጆቹ በሰልፍ መጥተው ሄንድሪክን በትሕትና፣ ቆብ አውልቀው፣ ልቀቅልን አሉት። አሁን ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ቀን ቀን ግድግዳው ከማሽኖቹ ጋር አብሮ ይንዘፈዘፋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ቤቱ ከተወሰደ በኋላ ጠበቃ ዘንድ ሄዶ እንዲህ ያለ ጊዜ የሚያስፈልገውን ወረቀት አጽፏል፤ ለእሱ ባይሆን ለሌላ ይጠቅማል ብሎ በቦርሳው ይዞት ይዞራል። ስሞቹን ቀይሮ ከአደባባዩ ጎን ካለችው የኮምፒውተር ቤት አስትሞ ሰጣት።

«ሳይቃጠል በቅጠል» አላት። «ቅር ይላታል ብለሽ ነው? ቅር ይበላት። እኔ ማንንም ቅር ሳላሰኝ ነው ሜዳ ላይ የወደቅኩት።»

ሎርና ወረቀቱን አላነበበችውም። ሁለት ጊዜ አጥፋ ከቦርሳዋ ከተተችው። ወደ ኩካ ሰፈር የሚወስደውን መንገድ ስትይዝ፣ እዚያ ከሄደች ስንት ጊዜ እንደሆናት ለማሰብ ሞከረች፤ የኤቫሪስቶ ሠርግ ትዝ አላት፣ ከዚያ ወዲህ ያለ ምንም ነገር አልመጣላትም። ስድስት ዓመት ሆኖታል። ኩካ ናት ሁልጊዜ የምትወጣው። አፈረች፤ እፍረቱም መንገዱን አረዘመባት።

ሰፈሩ ከረግረጉ ጀርባ ነው። ሲሚንቶው መንገድ ከትምህርት ቤቱ በኋላ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አብዛኛው ቤት በዘንባባ ቅጠል የተከደነ ነበር። አሁን ቤቶቹ በሙሉ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቆርቆሮ ለብሰዋል፤ በየበራቸው በኩል የሚታየው ወለላቸውም ሲሚንቶ ነው፤ እያንዳንዱ ግድግዳ ላይ አንድ ዓይነት ትንሽ የመንግሥት ሰሌዳ ተመትቷል። በሰልፍ መሃል ኮፍያ እንደረሳ ተማሪ ከመካከላቸው አንድ ቤት ብቻ ያለ ቆርቆሮ ቀርቷል፤ የዘንባባው ጣሪያ ባንድ ወገን ጎብጦ በሰማያዊ ላስቲክ ተሸፍኗል፣ ላስቲኩ እንዳይበር ያረጁ ጎማዎች ተጭነውበታል። የኩካ ቤት ነው። ሎርና ኩካ ግትር ስለሆነች የመንግሥት ነገር አልፈልግም ብላ ይሆናል ብላ አሰበች፤ ሊሆንም ይችላል፣ ሰው ከድሮ ቤቱ ጋር ይላመዳል።

ኩካ በሩ ላይ ስታያት ደነገጠች። «አበልጄ! በእግርዎ?» ብላ አንዱን ደህና ወንበር በሽርጧ ጠርጋ ዘረጋችላት። ወለሉ አፈር ነው፤ አቧራ እንዳይነሣ ውኃ ተረጭቶበታል። ውኃ ከጠፋ አራት ቀን በሆነው ሰፈር የተረጨ ውኃ። ኤቫሪስቶ ከአልጋው ጠርዝ ተነሥቶ ጉንጯን ሳማት። የጀልባ ማረፊያው ግንባታ ላይ የአሸዋ መኪና ይነዳል፤ ፈረቃው አልቆ ገና መግባቱ ነበር፣ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር አሸዋ አለ። «ማድሪና» አላት፤ የክርስትና እናቴ ማለቱ ነው። ከአልጋው በላይ የክርስትናው ዕለት ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሎርና ቀጭን ናት፣ ሕፃኑን እንደሚሰበር ዕቃ ይዛዋለች። ኩካ ቀዝቃዛ የከርከዴ ጭማቂ ቀዳችላት። የኤቫሪስቶ ሚስት ሆቴል ገብታ አንሶላ እንደምትቀይር፣ አለቃዋ ክፉ እንደሆነ ተነገራት። ሎርና «አይዞሽ በሏት» አለች። ጭማቂው አለቀ። ኩካ ደግማ ቀዳች። ያም አለቀ።

ሎርና ወረቀቱን አወጣች።

«አበልጄ፣ ምንም አይደለም፣ ለጥንቃቄ ያህል ናት። ሰው እኮ ነን፣ ዛሬ አለን ነገ የለንም።»

ኩካ እጇን አደራርቃ ወረቀቱን ተቀበለች፤ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው። «መነጽሬን የት ጣልኩት» አለች፤ መነጽር ኖሯት አያውቅም። ለልጇ ሰጠችው። ኤቫሪስቶ ቆሞ አነበበው፤ ትምህርት ቤት እንደሚያነብ ሰው ጮክ ብሎ፣ ድምፁን ባንድ ደረጃ ይዞ። እኔ ማሪያ ዴል ሬፉሂዮ በኮረብታው ላይ ያለው ቤት የእኔ እንዳልሆነ፣ ስሜን ብቻ እንዳዋስሁ አረጋግጣለሁ። ሴኞራ ሎርና በጠየቁኝ ጊዜ ቤቱን ለእሳቸው ወይም ለወራሾቻቸው ያለ አንዳች ማቅማማት አስረክባለሁ። እዚህ ላይ ቆመ።

«ወራሾችዎ እነማን ናቸው፣ ማድሪና?»

በሎርና አገር፣ ዊኒፔግ ውስጥ የእህቷ ልጅ አለ፤ ካየችው አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል፣ በየገናው አንድ ካርድ ይልካል፣ እሱንም ሚስቱ ናት የምትጽፈው። ቤቱ ከእሷ በኋላ የኤቫሪስቶ እንደሚሆን በልቧ ሁልጊዜ ታስብ ነበር፤ ግን ነገ ነገ እያለች ለማንም አልተናገረችውም፣ የትም አልጻፈችውም። አሁን ብታወጣው ደግሞ ፊርማ መግዣ ይመስላል።

«የወረቀት ቋንቋ ነው» አለች። «እንደዚያ ነው የሚጻፈው።»

ኤቫሪስቶ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ጠዋት እናቴ ለነዚያ ሰዎች ምን እንዳለቻቸው ያውቃሉ?»

«ዝም በል አንተ» አለች ኩካ።

«አልልም። ባለመሣሪያው አብሮኝ ነው የሚሠራው፣ ሁሉንም ነግሮኛል። ማረፊያውን የሚሠራው ኩባንያ ቤቱን ገዢ ነው፣ ዋጋውን ይጥሩ አሏት። ተከራዬ ናት፣ አሮጊት ናት፣ እሷ በሕይወት እያለች ድንጋዩን የሚነካ የለም፣ ከሷ በኋላ ኑ አለቻቸው። ኩባንያ ቆሞ ይጠብቃል እንዴ? አዲስ ቤት እንሠራ ነበር፤ ለእርስዎም ክፍል እናወጣ ነበር፣ መሬት ላይ፣ ደረጃ የሌለው። ስለምናት፣ ስለምናት አልሰማ አለችኝ።»

«አሮጊት ናት ማለቴን ይቅር ይበሉኝ» አለች ኩካ። «ቶሎ እንዲሄዱልኝ ብዬ ነው።»

ሎርና «አበልጄ» ብላ ጀመረች፤ ኤቫሪስቶ ግን ገና አልጨረሰም። ድምፁን አልጨመረም፣ ይልቅ ዝቅ አደረገው። «ይህን ጣሪያ ያዩታል? ከዚያ ትልቅ ማዕበል በኋላ መንግሥት ለሰፈሩ በሙሉ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሲሰጥ፣ እናቴንም መዘገቧት። ከዚያ መዝገብ አገላብጠው መጡና ሣቁባት። ሴትዮ፣ ኮረብታው ላይ ባሕር የሚያይ ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ቤት እያለሽ የድሃ ቆርቆሮ ትለምኛለሽ? አሏት፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ። ለአረጋዊ የሚሰጠውንም ከለከሏት። እኔም ትምህርት ቤት ሳለሁ የድሃ ልጅ መደጎሚያ የተነፈግኩት በዚያው ነው፤ የሀብታም ልጅ ተብዬ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ አካፋ ያዝኩ።»

ሎርና ፊቷ ጋለ፣ ጆሮዋ ጋለ። የዚያን ዓመት ማዕበል እሷ ቤት ያደረሰው ጉዳት ሁለት ሸክላ መስበር ነበር፤ ኩካ ናት መጥታ ስብርባሪውን የጠረገችላት። ያን ዕለት ስለ ጣሪያዋ አልጠየቀቻትም።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች።

ኩካ በእውነት ገርሟት ቀና ብላ አየቻት። «አበልጅ ለአበልጁ እንዲህ ያለ ነገር ይነግራል እንዴ? ልብሱን ያዋሰ ብርዱን ይችላል።»

አሁን ወረቀቱን ማጠፍ ነበር። ሎርና ይህን ታውቀዋለች፤ ሌላ ማንም ሳይሆን እሷው ራሷ ታውቀዋለች። እጇን መዘርጋት፣ ወረቀቱን አንስቶ ለአራት መቅደድ፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ ካስፈለገም ማልቀስ። ኩካም አፍ አውጥታ ሳትለምናት ያንኑ ስትጠብቅ ነበር፤ ዓይኗን ከወረቀቱ አንስታ ሎርና እጅ ላይ አድርጋለች። ግን ሎርና ሰባ ሰባት ዓመቷ ነው። የሄንድሪክ ክፍል፣ ቀን ቀን የሚንዘፈዘፈው ግድግዳ፣ አልጋው ላይ የተደረደሩት የጀልባ መሣሪያዎቹ መጡባት። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰማያዊ ገንዳ መጣባት። ኩካ ብትሞትስ? ይህ ልጅ፣ ቅንድቡ ላይ አሸዋ ያለው ይህ ልጅ፣ ምን ያደርጋል? ፈራች፤ ፍርሃቱ ከእፍረቷ በለጠ። እጇ ጉልበቷ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

ኩካ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገች።

«እስክሪብቶ ይዘዋል?»

ይዛለች። የለኝም ማለት ይቻል ነበር፤ እሱንም አላለችም። ቦርሳዋን ከፍታ አወጣችላት።

ኩካ ምላሷን በጥርሷ ያዝ አድርጋ ጻፈች። በሕይወቷ መጻፍ የምትችለው ይህን አንድ ስም ብቻ ነው፤ ዋልተር ባስተማራት መንገድ፣ የመጀመሪያዋን ፊደል ትልቅ አድርጋ፣ የመጨረሻዋን ወደ ላይ ጎተት አድርጋ። ጊዜ ወሰደባት። ኤቫሪስቶ ጀርባውን ሰጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ጭቃውን ያይ ነበር። ስትጨርስ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አለችበት፣ ወረቀቱን እንደነበረው ሁለት ጊዜ አጠፈችው፣ እስክሪብቶውን ከላዩ አስቀምጣ በሁለት እጇ ወደ ሎርና ገፋ አደረገችው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ብርጭቆውን አነሣች፣ ጠረጴዛውን በሽርጧ ወለወለች።

ሎርና ተነሣች። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ከቦርሳዋ ከተተች። ከበሩ ስትደርስ ከኋላዋ ኩካ ልጇን ተጣራች፤ ድምጿ የዘወትሩ ነው፣ እንግዳ የሚሸኝ ሰው ድምፅ።

«ኤቫሪስቶ፣ መሬቱ ያዳልጣል። ሴኞራን እስከ ደረጃቸው ድረስ ሸኛቸው።»

ሎርና ማንን ማለቷ እንደሆነ ለማየት ዘወር አለች። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሴት አልነበረችም።